የመረቡ ዓይንና የዓሣው ዕድሜ

ለዲላ ከተማና ለጌዴኦ ዞን ቅርብ የሆኑት የዓሣ ሐይቆች ሦስት ናቸው፤ ከዞኑ በስተምዕራብ የሚገኘውና ከደጋው የሚወርደውን ውኃ በጊዳቦና በገላና ወንዞች በኩል የሚቀበለው አባያ፣ ከአባያ በስተደቡብ በጠባብ መሬት የሚለየው ጫሞ፣ እንዲሁም ከዲላ በዋናው መንገድ ወደ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው የሐዋሳ ሐይቅ። በእነዚህ ሐይቆች ዳርቻ ለረጅም ዓመታት የኖሩ አስጋሪዎች የሚያነሡት ቅሬታ ተመሳሳይ ነው፤ በመረብ የሚወጣው ዓሣ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ዓሣ መጠንም ከቀድሞው አንሷል ይላሉ። የቁጥሩን ነገር ለመረዳት አያስቸግርም፤ ከሚተካው በላይ የሚወሰድ ሀብት ይጎድላል። የመጠኑ ነገር ግን ጠለቅ ያለ ምርመራ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ዓሣው ትንሽ የሆነው ገና ልጅ ስለሆነ፣ ወይም ምግብ ስላነሰው፣ ወይም ቶሎ ለመራባት ሲል ዕድገቱ ስለተገታ፣ አለዚያም ፈጥነው የሚያድጉት ወላጆች አልቀው ከዘገምተኞቹ ስለተወለደ ሊሆን ይችላል። በገበያ ጠረጴዛ ላይ ሲደረደሩ አራቱም ዓሦች አንድ ይመስላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው መፍትሔ ግን የተለያየ ነው።

ዓሣ እንደ ሰውና እንደ ከብት ለአካለ መጠን ሲደርስ ዕድገቱን የሚያቆም ፍጡር አይደለም። በልጅነቱ በፍጥነት ይረዝማል፤ ከዚያም ዕድሜው በገፋ ቁጥር የዕድገቱ ፍጥነት እየቀነሰ ቢሄድም በሕይወት እስካለ ድረስ ጥቂት በጥቂት መጨመሩን አይተውም። የኦስትሪያው ሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሉድቪግ ፎን ቤርታላንፊ እ.ኤ.አ. በ1938 ይህን የዕድገት ጠባይ በአንድ ቀመር የገለጸ ሲሆን፣ የዓሣ ሀብት ባለሙያዎች እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀሙት በዋናነት በእርሱ ነው። በዚህ ላይ ርዝመትና ክብደት በእኩል እንደማይሄዱ መጨመር ያስፈልጋል፤ ዓሣው ሲረዝም ስፋቱና ውፍረቱም አብረው ስለሚያድጉ ቅርጹን ጠብቆ ከ20 ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ያደገ ዓሣ ርዝመቱ በግማሽ ብቻ ሲጨምር ክብደቱ ከሦስት ዕጥፍ በላይ ይሆናል። በ20 ሴንቲ ሜትሩ ያወጣው አስጋሪ የዚያኑ ዓሣ አብዛኛውን ሥጋ ሳይፈጠር አስቀርቶታል ማለት ነው።

ታዲያ ዓሣን መቼ ማውጣት ይሻላል? እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ራስል እ.ኤ.አ. በ1931 ጥያቄውን ወደ አንድ ቀላል የሂሳብ መዝገብ አመጣው። በአንድ ውኃ ውስጥ ባለው የዓሣ ክምችት ላይ ሁለት ነገሮች ይጨምራሉ፤ እነርሱም በየዓመቱ አድገው ወደ ክምችቱ የሚቀላቀሉት ወጣት ዓሦችና ቀድሞ የነበሩት ዓሦች በሰውነታቸው ላይ የሚጨምሩት ክብደት ናቸው። ሁለት ነገሮች ደግሞ ይቀንሱታል፤ አንደኛው በመስገር የሚወጣው፣ ሌላው በበሽታ፣ በእርጅናና በአዳኞች የሚጠፋው ነው። ዓሣው ወጣት ሳለ የሚጨምረው ክብደት በተፈጥሮ ሞት ከሚጠፋው ይበልጣል፤ ሲያረጅ ደግሞ ሚዛኑ ይገለበጣል። ስለዚህ ከእኩያዎቹ ጋር አብሮ የተወለደ አንድ የዓሣ ትውልድ ጠቅላላ ክብደቱ ከፍተኛ የሚሆንበት የተወሰነ ዕድሜ አለ። መረቡ ከዚያ ዕድሜ በፊት ትውልዱን የሚጨርሰው ከሆነ፣ ወላጆች በቂ ሆነው ዘሩ ባይጠፋም እንኳ፣ ሐይቁ ሊሰጥ የሚችለውን ምርት አይሰጥም። ይህን ዓይነቱን ጥፋት ዕድገት-ቀጪ መስገር ማለት ይቻላል። ወላጅ ዓሦች ተመናምነው የሚተካ ትውልድ እስኪታጣ ድረስ የሚደርሰው ግን ዘር-አሳጪ መስገር ነው፤ የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ የሁለተኛው መቅድም ሆኖ ይታያል።

ነገሩን የሚያወሳስበው መስገር የዓሣን ዕድገት የሚያፋጥንበትም ጊዜ መኖሩ ነው። የዴንማርኩ ሊቅ ዮሃነስ ፒተርሰን በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ እርስ በርስ ተጨናንቀው ይኖሩ የነበሩ ወጣት ጠፍጣፋ ዓሦች ሰፋ ወዳለ ውኃ ሲዛወሩ በፍጥነት እንደሚያድጉ አስተውሏል። ምግቡ ያው ሆኖ ተካፋዩ ሲቀንስ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ድርሻ ይጨምራል። በመሆኑም መጠነኛ መስገር ለቀሪዎቹ ቦታና ምግብ ይለቃል፤ ያልተነካ ክምችት ደግሞ ብዙ ያረጁና በዝግታ የሚያድጉ ዓሦችን ይይዛል። ይህ እውነት ግን ወሰን አለው፤ በሰሜን ባሕር በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መርከቦች ከመስገር በታገዱባቸው ዓመታት ውስጥ ዓሣው በዝቶና ገዝፎ ተገኝቷል፤ ይኸውም ከጦርነቱ በፊት የነበረው ጫና ለቀሪዎቹ ምግብ ከመልቀቅ አልፎ ዕድሜ ነሥቷቸው እንደነበር ያሳያል። የምግቡ ትርፍ ለዓሣው የሚጠቅመው የሚያድግበት ጊዜ ሲኖረው ነው።

በደቡብ ኢትዮጵያ ሐይቆች ውስጥ ከሁሉ በላይ ለገበያ የሚቀርበው ቆሮሶ ሲሆን፣ በዓለም ደረጃ ቲላፒያ በመባል የሚታወቀው ዓሣ ነው። ወንዱ ጥልቀት በሌለው የዳርቻ ውኃ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ ሴቷ በዚያ ከጣለች በኋላ የዳበሩትን ዕንቁላሎች በአፏ ሰብስባ እስኪፈለፈሉና ጫጩቶቹ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ ይዛቸው ትዞራለች። አፏ በልጆች ተሞልቶ ሳለ እንደልቧ አትመገብም፤ በዓመት ውስጥ ደጋግማ የምትወልድ ሴት ደጋግማ ትጾማለች ማለት ነው። መራባት በዕድገት ላይ የሚያስከፍለውን ዋጋ ከጌዴኦ አርሶ አደር የተሻለ የሚያውቅ የለም፤ እንሰቱን አበባው ሳይገፋ የሚቆርጠው በግንዱና በአምቾው የተጠራቀመው ምግብ ወደ አበባና ፍሬ ከሄደ በኋላ የሚገኘው ቆጮ ስለሚያንስ ነው። ዓሣም ከሚያገኘው ምግብ ከፊሉን ለዕንቁላልና ለዘር ማዋል ሲጀምር ለሥጋው የሚተርፈው ይቀንሳል፤ ለአካለ መጠን የደረሰበት ርዝመት ባነሰ ቁጥር በመጨረሻ የሚደርስበትም መጠን ያንሳል።

ቆሮሶ በዚህ ረገድ ከብዙ ዓሦች የተለየ ተለዋዋጭነት አለው። በሰፊ ሐይቅ ውስጥ ሳይሸበር ሲኖር ብዙ አድጎ የሚራባው ይኸው ዓሣ በጠባብ ኩሬ ሲታጎር ወይም ብዙ ሲሰገርበት ገና ትንሽ ሳለ መራባት ይጀምራል። በዑጋንዳው ጆርጅ ሐይቅ መስገሩ እየበረታ በሄደባቸው እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1970 ባሉት ዓመታት የሚያዘው ቆሮሶ አማካይ ክብደት ከመቀነሱም በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚራባበት ርዝመትም አብሮ አጥሯል። ይህ ጠባይ ዓሣውን ከጥፋት የሚያተርፍ ጸጋ ነው፤ ለአስጋሪው ግን አታላይ ነው፤ ምክንያቱም ሐይቁ በቁጥር የተሞላ መስሎ ሳለ ከመረቡ የሚወጣው መዳፍ የማይሞላ ዓሣ ይሆናል።

መረብ ራሱ መራጭ መሣሪያ መሆኑን ሳይረዱ ይህን ሁሉ መረዳት አይቻልም። በሐይቆቻችን በብዛት የሚሠራበት በውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚያድረው መረብ ሲሆን፣ ዓሣው ጭንቅላቱን በመረቡ ዓይን ውስጥ አስገብቶ ወደ ኋላ ለመመለስ ሲሞክር ክሩ በስንጥቡ ላይ ይይዘዋል። ከዓይኑ በጣም ያነሰው ሾልኮ ያልፋል፤ በጣም የሚበልጠውም ጭንቅላቱ ስለማይገባ ገፍቶ ይመለሳል፤ የሚያዘው መካከለኛው ነው። ስለዚህ ሰፊ ዓይን ያለው መረብ ትንንሾቹንም ጥቂት ግዙፍ ወላጆችንም ያስተርፋል። ትልልቆቹ ሲመናመኑ ግን አስጋሪው ባዶ ታንኳ ይዞ ላለመመለስ የመረቡን ዓይን ያጠብባል፤ የመረጣው መስኮት ወደ ወጣቶቹ ይወርዳል፤ በቀጣዩ ወቅት ደግሞ የበለጠ ማጥበብ ይኖርበታል። ከአንድ ወጥ የፕላስቲክ ክር የሚሠራው ሞኖፊላመንት የሚባለው ርካሽ መረብ ይህን አባብሶታል፤ በውኃ ውስጥ ስለማይታይ አብዝቶ ይይዛል፣ ተቀዶ ሲጣልም ሳይበሰብስ ዓሣ መግደሉን ይቀጥላል። ከዳር የሚጎተተው መረብ በበኩሉ የቆሮሶን ጎጆዎች ከነጫጩቶቻቸው ይጠርጋል።

ከመረቡ መራጭነት የተነሣ በተመራማሪዎችም ዓይን ላይ ጭጋግ ይወርዳል። በእንግሊዝ የዓሣ ጥናት ውስጥ የሠራችው ሮዛ ሊ እ.ኤ.አ. በ1912 አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለች፤ በዕድሜ የገፉ ዓሦች በቅርፊታቸው ላይ በሚታየው ምልክት ተመዝነው የልጅነት ርዝመታቸው ሲሰላ፣ ዛሬ ወጣት ከሆኑት ይልቅ በልጅነታቸው ዘገምተኞች የነበሩ መስለው ተገኙ። አንዱ ማብራሪያ እነሆ፤ ፈጥነው ያደጉት ቀድመው ለመረቡ ስለሚደርሱ ቀድመው ይያዛሉ፤ እስከ እርጅና የሚተርፉት ከመጀመሪያውም ዝግ ብለው ያድጉ የነበሩት ናቸው። በብርቱ በሚሰገር ሐይቅ ውስጥ ከአሮጌ ዓሦች ብቻ ዕድገትን የሚለካ ሰው የሚያገኘው የሐይቁን ዕድገት ሳይሆን ከመረቡ ያመለጡትን ዕድገት ነው።

እንግዲህ የሁሉ ነገር መክፈቻ የዓሣውን ዕድሜ ማወቅ ነው። ለዚህ የሚያገለግለው በዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ከአንጎል ሥር በግራና በቀኝ የተቀመጠ ጥንድ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የጆሮ ድንጋይ ይባላል፣ ለዓሣውም ሚዛኑን መጠበቂያና መስሚያ ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል ማለዳ ከመረብ ከሚፈቱት ቆሮሶዎች የአንዱ ጭንቅላት በጥንቃቄ ተከፍቶ በወረንጦ ቢወጣ በጣት ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ነጭ ቅንጣት ይገኛል። ታጥቦና ደርቆ ጥቁር መደብ ላይ በማጉያ መነጽር ሲታይ ደብዛዛና ብርሃን አሳላፊ የሆኑ ቀለበቶች አንዱ በሌላው ዙሪያ ተደርበው ይታያሉ፤ ደብዛዛና አሳላፊው የሚፈራረቁት ዕድገቱ ከጊዜ ጊዜ ስለሚፈጥንና ስለሚዘገይ ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ክረምቱ ውኃውን ስለሚያቀዘቅዘው ቀለበቱ በዓመት አንድ ጊዜ ይፈጠራል፤ አንድ ቀለበት አንድ ዓመት ነው። በምድር ወገብ አቅራቢያ ግን የውኃው ሙቀት ብዙም ስለማይለዋወጥ ለረጅም ጊዜ የሐሩር ዓሦችን ዕድሜ በቀለበት ማወቅ አይቻልም የሚል እምነት ነበር።

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ደመቀ አድማሱና ካናዳዊው ጆን ካስልማን እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት የሐዋሳ ቆሮሶ ቀለበት እንዳለው፣ ሆኖም በዓመት አንድ ሳይሆን ሁለት እንደሚሠራ አሳይተዋል። ዓሣው በሐዋሳ በርትቶ የሚራባውም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ የተወለዱ ሁለት ትውልዶችን ለይቶ ማንበብም ይጠይቃል። ውጤቱ የማጉያ መነጽር ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስድስት ቀለበት ያለውን ቆሮሶ የአውሮፓን ልማድ ተከትሎ የሚያነብ ሰው ስድስት ዓመቱ ነው ይላል፤ እውነተኛ ዕድሜው ግን ሦስት ነው። ስሕተቱ የዓሣውን ዕድገት በግማሽ ያዘገየዋል፤ በየዓመቱ የሚሞተውን ድርሻም ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል፤ ዕድሜው እጥፍ ሲሆን ዓሦቹ ረጅም ዕድሜ የሚኖሩ ይመስላሉና ሐይቁን የሚያስጨንቀው መስገር ቀላል መስሎ ይታያል። በአንድ ጥንድ ቅንጣት አነባበብ ላይ የአንድ ሐይቅ አስተዳደር ሊቃና ወይም ሊጣመም መቻሉ ይህ ዓይነቱ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ሊደገፍና ሊቀጥል እንደሚገባው በቂ ማስረጃ ነው።

ዓሣን ከሚያሳንሱት አራት ምክንያቶች እጅግ አሳሳቢው በዘር የሚተላለፈው ነው። አሜሪካውያኑ ዴቪድ ኮኖቨርና ስቴፈን ሙንች እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ ባደረጉት ሙከራ ሲልቨርሳይድ የሚባል ትንሽ የባሕር ዳርቻ ዓሣ በስድስት የተለያዩ ገንዳዎች አርብተው፣ በየትውልዱ ከመቶ ዘጠናውን ያወጡ ነበር፤ በሁለቱ ገንዳዎች ትልልቆቹን፣ በሁለቱ ትንንሾቹን፣ በቀሪዎቹ ሁለት ደግሞ ያለ ምርጫ። ከአራት ትውልድ በኋላ ትንንሾቹ ከሚወጡባቸው ገንዳዎች የተገኘው ምርት ትልልቆቹ ከሚወጡባቸው ወደ ሁለት ዕጥፍ ሊጠጋ ደረሰ። ምግቡ፣ ሙቀቱና ቁጥሩ ያው ሳለ ፈጥኖ የማደግ ችሎታ ከዘሩ ተመንጥሯል። ምርጫው ሲቆም ዓሦቹ ቀስ በቀስ ማገገም እንደሚጀምሩ፣ ግን ከአምስት ትውልድም በኋላ ሙሉ በሙሉ እንዳልተመለሱ የዚያው ቡድን ቀጣይ ሙከራ አሳይቷል። በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ የኮድ ዓሣ ክምችት እ.ኤ.አ. በ1992 ከመውደቁ በፊት ዓሦቹ እየቀደሙና እያነሱ ለአካለ መጠን ይደርሱ እንደነበር ከመዛግብት ተነቧል። ከገንዳ ውጭ የዘርን ለውጥ ከምግብና ከሙቀት ለውጥ መለየት እጅግ ከባድ ነው፤ ለዚህም ሲባል ስለ ሐይቆቻችን ፍርድ ሲሰጥ መጠንቀቅ ይገባል። ይሁንና ቆሮሶ ትውልዱ አጭር ስለሆነ ከኮድ ይልቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ብዙ ትውልድ በመረቡ ወንፊት ያልፋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከመስገር ጋር ግንኙነት የሌለውን መዘግየት በአስጋሪው ላይ ላለማሳበብ ነው፤ የአባያ ሐይቅ ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። አባያ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ሰፊ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቀቱ እጅግ ቢበዛ 13 ሜትር ያህል ነው፤ ነፋስ ወለሉን በቀላሉ ስለሚያውከውና ወንዞቹ ደቃቅ አፈር ስለሚያመጡለት ውኃው ዓመቱን ሙሉ ቀይ ቡናማ ነው። የፀሐይ ብርሃን ወደ ውስጥ ብዙ ስለማይዘልቅ ቆሮሶ የሚመገባቸው ደቃቅ አረንጓዴ ዕፀዋት እንደ አረንጓዴው ጫሞ አይበዙም። ከሁለቱ ሐይቆች እኩል ዕድሜ ያላቸው ዓሦች በመጠን ቢለያዩ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ብርሃኑ እንጂ መረቡ መሆን የለበትም። በእንሰት፣ በቡናና በአገር በቀል ዛፎች ተደራርቦ የተሸፈነው የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው፣ በገደላማው ቦታ አፈርን ይዞ ማቆየቱ ከቡናው ጥራት ባሻገር ለአባያ ዓሣም የሚያበረክተው አለ፤ ዛፉ ሲመነጠር ከተዳፋቱ የሚሄደው አፈር የሚያርፈው በዓሣው የምግብ ማዕድ ላይ ነው።

በጫሞ የሚታየው ደግሞ ነጭ ዓሣ በሚባለው ግዙፍ አዳኝ ላይ የደረሰው ነው። ነጭ ዓሣ ከመቶ ኪሎ በላይ ሊመዝን የሚችል፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ በልጠው የሚያድጉና ዘግይተው ለአካለ መጠን የሚደርሱ ዓሣ ሲሆን፣ የጫሞ ገበያ ለዓመታት በእርሱ ላይ የቆመ ነበር፤ ኋላ ግን ክምችቱ ክፉኛ ተመናምኗል። ዓይኑ ለመካከለኛ ዓሣ የተሰፋ መረብ ወንዶቹን ከተራቡ በኋላ፣ ሴቶቹን ግን ገና አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልዱ ይይዛቸዋል። በዚህ ምክንያት ለቆሮሶ ተገቢ የሆነው የመረብ ስፋት ለነጭ ዓሣ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ በአንድ ውኃ ስለሚኖሩ አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁለቱም አይበቃም።

የመረብን ዓይን በሕግ መወሰን በአፍሪካ የቆየ ሐሳብ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ግራሃም እ.ኤ.አ. በ1927 እና 1928 የቪክቶሪያን ሐይቅ መርምሮ ከአምስት ኢንች የጠበበ መረብ እንዳይጣል መክሮ ነበር፤ ገደቡ ለጊዜው ቢሠራበትም ኋላ ተትቷል፤ የሐይቁ ነባር ቆሮሶዎችም ተመናምነዋል። በኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ለቆሮሶ ግን ከመረቡ ስፋት እኩል የሚያስፈልገው የወቅት ጥበቃ ነው፤ ይህም ከአገሩ ልማድ ጋር ፊት ለፊት ይጋጠማል። በብዙ ከተሞች የዓሣ ፍላጎት የሚንረው በዐቢይ ጾም ሲሆን፣ የጾሙ ሳምንታት በሐዋሳ ከዋናው የመራቢያ ወቅት ጋር በከፊል ይደራረባሉ፤ አፏን በዕንቁላል ሞልታ ወደ ዳር የመጣችው ሴት በጣም የምትፈለገው ያኔ ነው። ሁሉን ሐይቅ ለሦስት ወር መዝጋት ከመረቡ ዕለታዊ እንጀራውን በሚያገኝ ሰው ላይ መጨከን ይሆናል፤ ጎጆ የሚቆፈርባቸውን የዳርቻ ቦታዎች ብቻ ለይቶ መከለልና መሐል ሐይቁን ክፍት መተው ግን ሁለቱን ሊያስማማ የሚችል መንገድ ነው። የትኞቹ ዳርቻዎች እንደሆኑ ደግሞ ማንም ከአስጋሪዎቹ በተሻለ አያውቅም።

ለዲላ ይበልጥ የሚቀርበው አዲስ ውኃ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የጊዳቦ የመስኖ ግድብ ያስተኛው ነው። አዲስ ግድብ ሲሞላ የሰመጠው ሣርና አፈር ምግቡን ወደ ውኃው ስለሚለቅ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣ በፍጥነት ያድጋል፤ ያ የተጠራቀመ ምግብ ሲያልቅ ዕድገቱ፣ ማንም መረብ ባይጥልበትም እንኳ፣ ይቀንሳል። በእንዲህ ያለ ውኃ የመጀመሪያው ዘመን በረከት እንደ ዘላቂ ምርት ተቆጥሮ መረብ ቢበዛበት፣ የምግቡ መቀነስና የመስገሩ ጫና በአንድ ጊዜ ይገናኛሉ፤ በኋላ የመጣ ሰውም የትኛው ዓሣውን እንዳሳነሰው የሚለይበት መንገድ አይኖረውም። ለይቶ ለማወቅ የሚያስፈልገው ውድ መሣሪያ አይደለም፤ በየወሩ ከሚወጣው ዓሣ ጥቂቱን መርጦ ርዝመቱን፣ ክብደቱን፣ ጾታውን፣ ዕንቁላል መያዝ አለመያዙን፣ የተያዘበትን የመረብ ዓይን ስፋት መመዝገብና የጆሮ ድንጋዩን በታሸገ ፖስታ ቀን ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ደርቆ የተቀመጠ የጆሮ ድንጋይ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላም ይነበባል፤ ዓሣው በሁለት ዓመቱ ምን ያህል እንደነበር፣ ቀለበቶቹ በዓመት ስንት እንደሆኑ፣ ዕድገቱ የዘገየውም ከመረቡ መጥበብ በፊት ይሁን በኋላ ከዚያች ቅንጣት ማወቅ ይቻላል።